ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል?

ድሮ በአኒሜሽን ያየናቸው ፊልሞች በሰው ተዋናይ እንደገና ሲሠሩ ጭቅጭቁ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፤ የዋናዋ ልጅ የቆዳ ቀለም። ጥቁሯ ተዋናይት ሃሊ ቤይሊ የባሕር ልጅቷን ታሪክ ለሚናገረው "ዘ ሊትል መርሜይድ" መመረጧ በፈረንጆቹ 2019 ሲሰማ፣ ፊልሙ ገና ሳይታይ ስንት ስድብ ወረደባት! እኔ ልጆቼ ከጭቅጭቁ በፊት ፊልሞቹን ራሳቸውን እንዲያዩ ፈለግኩ። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጌ አሳየኋቸው። የድሮው መጀመሪያ፣ አዲሱ በማግስቱ።

ካየን በኋላ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ማን ይናገራል? ማን ዝም ይላል? የሚሳቅበትስ ማን ነው? እነሱ ይጀምራሉ፣ እኔ መጨረሻ። ወላጅ ቀድሞ "ይሄ ዘረኝነት ነው" ካለ ልጅ ማየቱን ያቆምና የሚጠበቅበትን መልስ ይሰጣል።

ብዙ ያወራንበት በትልልቅ ጆሮዎቹ ስለሚበረው የሰርከስ ዝሆን ግልገል የሚተርከው "ደምቦ" ነው። በ1941ዱ ፊልም ላይ ሌሊት፣ በዝናብ፣ የሰርከሱን ድንኳን የሚተክሉ ጥቁር ሠራተኞች አሉ። ትልቋ ልጄ "እማዬ፣ ለምንድነው ፊት የሌላቸው?" አለችኝ። እውነትም የላቸውም። ጉልበትና ዘፈን ብቻ ናቸው፤ ዘፈኑም ደሞዛቸውን ሲያገኙ ስለሚበትኑ ደስተኛ ሠራተኞች ነው። ቀጥሎ ቁራዎቹ ይመጣሉ። ፊልሙ ሲሠራ ለዋናው ቁራ የተሰጠው ስም ጂም ክሮው ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮችን ከነጮች ይለዩ የነበሩት ሕጎች የሚጠሩበት ስም። እንደ ጥቁር ሆኖ ድምፁን የሰጠው ደግሞ ነጩ ክሊፍ ኤድዋርድስ ነው።

ዳይሬክተሩ ቲም በርተን በ2019 በሰው ተዋናይ ሲሠራው ቁራዎቹን አወጣቸው። ለብዙ ሰው ይሄ በቂ ነው፣ ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። በድሮው ፊልም ላይ ቁራዎቹ መጀመሪያ ደምቦን ይሳለቁበታል፣ የደረሰበትን ሲሰሙ ግን ልባቸው ይነካል፤ ላባ ሰጥተው እንዲበር የሚያደፋፍሩትም እነሱ ናቸው። እነሱ ሲወጡ ስድቡ ብቻ ሳይሆን ደግነታቸውም አብሮ ወጣ። ጥቁር ድምፅ ወይ መሳቂያ ሆኖ ይግባ፣ ወይ ጭራሽ አይግባ? በወጉ እንደገና መጻፍ ይቻል ነበር።

እንደሚቻል ደግሞ "ፒተር ፓን" ላይ አየነው። በ1953ቱ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቆዳቸው ለምን "ቀይ" እንደሆነ ይዘፈንባቸዋል፣ የአለቃቸው ልጅ ታይገር ሊሊ ደግሞ አፍ የላትም ማለት ይቻላል። በ2023ቱ ግን ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ ከሆነው ከክሪ ሕዝብ የሆነችው ተዋናይት አሊሳ ዋፓናታክ ትጫወታታለች፣ በክሪ ቋንቋም ትናገራለች። ታናሹ ልጄ "ይቺኛዋ ታወራለች!" ብሎ ጮኸ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

"የልጆች ፊልም ነው፣ ምን ያካብዳችኋል" ለሚሉኝ የ"አላዲን"ን ነገር እነግራቸዋለሁ። በ1992 ሲኒማ ሲገባ የመክፈቻ ዘፈኑ የአረቡን አገር ፊትህን ካልወደዱት ጆሮህን የሚቆርጡበት ቦታ ይለው ነበር። አረብ አሜሪካውያን አቤት አሉ፣ ስንኙም በ1993 በወጣው ቪዲዮ ላይ ተቀየረ። አዲስ ፊልም እስኪሠራ መጠበቅ አላስፈለገም።

"ዘ ሊትል መርሜይድ" የመጨረሻው ጥንድ ነበር። ልጄ መጀመሪያ ያየችው ፀጉሯን ነው። ሃሊ የራሷን ድሬድ ይዛ ነው የተጫወተችው፣ ለዚያውም ቀይ ሆኖ። ደስታዋን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ይሄን ማንም ሊያጣጥልብኝ አይችልም። ግን ሦስቱን ጥያቄዎች እዚህም አልተውናቸውም። ታሪኩ ያለው ካሪቢያንን በመሰለ ደሴት ላይ ነው፣ ዘመኑ 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ንግሥቲቱ ጥቁር ናት፤ ስለ ባርነት ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። ልጄ "ተረት እኮ ነው፣ እዚያ ውስጥ እንኳን ደስ ይበላቸው" ትላለች። እኔ ደግሞ ቦታውንና ዘመኑን ከመረጡ ዝም ማለት አልነበረባቸውም እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።