ኮሜት ምርመራ፦ ከኬሚካሉ በፊት ገንዳውን ፈትሹ

ኮሜት ምርመራ ኬሚካል የሴልን ዲኤንኤ መስበሩን ያሳያል፦ ሴሉ ስላይድ ላይ በጄል ተይዞ ሽፋኑ ይፈርሳል፣ በአልካሊ ይነከራል፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ሲሳብ (ኤሌክትሮፎረሲስ) የተሰበረው ዲኤንኤ እንደ ጅራታም ኮከብ ጅራት ይዘረጋል። አንድን ኬሚካል ሁለት ቤተ ሙከራዎች በዚህ ምርመራ ፈትሸው አንዱ ጅራቱ ላይ 10 በመቶ ዲኤንኤ፣ ሌላው 30 በመቶ ቢያገኝ፣ እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ ኤሌክትሮፎረሲስ ገንዳቸው ነው። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የምርመራ መመሪያ ቁጥር 489 የተጻፈው ለእንስሳት ሙከራ ነው። በፍላስክ ለሚያድጉ ሴሎች ብዙው ቤተ ሙከራ ከቀድሞ ተማሪ በወረሰው ወረቀት ይሠራል፤ ወረቀቱ ደግሞ ዋናዎቹን ቁጥሮች አይዝም።

የመጀመሪያው ጄሉ የሚሠራበት የአጋሮስ መጠን ነው። «1 በመቶ» ተብሎ ይጻፋል፤ ያ ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነው። እኩል መጠን ካለው የሴል ናሙና ጋር ሲደባለቅ ጄሉ 0.5 በመቶ ይሆናል። ጄሉ በወፈረ ቁጥር ጅራቱ ያጥራል፤ በጣም ከቀጠነ ደግሞ ከስላይዱ ላይ ተንሸራቶ ይወድቃል። ስላይዱ አስቀድሞ 1 በመቶ በሆነ ተራ አጋሮስ ተቀብቶ በደንብ ካልደረቀ የትኛውም ጄል አይያዝም። መመዝገብ ያለበት የመጨረሻው መጠን ነው።

የሴሉን ሽፋን የሚያፈርሰው ውህድ (2.5 ሞላር ጨው፣ 100 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ፣ 10 ሚሊ ሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 10፣ 1 በመቶ ትራይተን) ብዙ አያስቸግርም፤ በ4 ዲግሪ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይበቃል። ቀጥሎ ዲኤንኤውን የሚፈታው የአልካሊ ፈሳሽ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተራ የፒኤች መለኪያ ከ13 በላይ አያስተማምንም፤ ስለዚህ ሚዛኑን እመኑ፦ ለአንድ ሊትር 12 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 0.37 ግራም ኢዲቲኤ ዳይሶዲየም። ሲሟሟ ስለሚግል ቀድሞ ይቀዝቅዝ። ሞቅ ባለ አልካሊ ውስጥ ምንም ያልነካው ሴል ራሱ ጅራት ያወጣል።

አሁን ወደ ቮልቱ። የኃይል መስጫው ላይ «25 ቮልት» ማየትና በኤሌክትሮዶቹ መካከል ባለው ርቀት ማካፈል የተለመደ ስህተት ነው። ስላይዶቹ በተደረደሩበት መድረክ ላይ ያለው ፈሳሽ ስስ ስለሆነ አብዛኛው ቮልት የሚወድቀው እዚያ ነው። ገንዳው እየሠራ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በመድረኩ ዳርና ዳር ንከሩ። መድረኩ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 20 ቮልት ካነበባችሁ በሴንቲ ሜትር 1 ቮልት አላችሁ ማለት ነው። የጅራቱን መጠን በአመዛኙ የሚወስነው ይህ ቁጥር በደቂቃ ሲባዛ ነው፤ በሴንቲ ሜትር 0.8 ቮልት ለ30 ደቂቃና 1.2 ቮልት ለ20 ደቂቃ ሁለቱም 24 ይመጣሉ። ብዙዎች «300 ሚሊ አምፔር እስኪሞላ» እያሉ ፈሳሽ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ፈሳሽ ሲጨመር ከርንቱ ያድጋል፤ የኃይል መስጫው የከርንት ጣሪያ ላይ ከደረሰ ደግሞ ማንም ሳያስተውል ቮልቱን ያወርዳል። ፈሳሹን በመለኪያ ሲሊንደር ለክታችሁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን አፍስሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በየዙሩ ማመሳከሪያ ሴል ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ የሴል ምርት ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ሳይነካ፣ ግማሹ በበረዶ ላይ ለ5 ደቂቃ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ተመትቶ፣ በትንንሽ ቱቦ፣ ሴሉን ከመርጋት ጉዳት በሚጠብቀው 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ ውስጥ፣ እስኪረጋ ይቀዝቅዝ። ፐሮክሳይዱ በበረዶ ላይ የሚደረገው ሴሉ ጉዳቱን እንዳይጠግን ነው። ፐሮክሳይዱ ጠርሙስ ውስጥ ኃይሉ ስለሚደክም በየሳምንቱ አዲስ ከመምታት ይህ ይሻላል። ማመሳከሪያው ከራሳችሁ የቀድሞ መዝገብ ክልል ከወጣ ዙሩ ይጣል፤ በሒሳብ ለማረም መሞከር አይመከርም።

ንባቡ ላይ፣ ከአንድ ጄል 50፣ ከሁለት ጄል 100 ኮሜት፣ ስላይዱ በኮድ ተሸፍኖ፣ ውጤቱም በጅራት ዲኤንኤ መቶኛ ይጻፍ። ከምርመራው በፊት በሕይወት ያሉት ሴሎች ከ70 በመቶ በታች ከሆኑ ጅራቱ የሚሞት ሴል ስብርባሪ ሊሆን ስለሚችል ያንን የኬሚካል መጠን ተዉት። መቶዎቹን ኮሜቶች ደግሞ እንደ መቶ ናሙና ወደ ስታቲስቲክስ አታስገቡ፤ የየስላይዱ ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ ያለው ቁጥር) ተወስዶ፣ በተለያየ ቀን የተሠሩ ሦስት ሙከራዎች ሦስት ናሙና ብቻ ናቸው።