ስንዝር ያዘነበለ እርከን

ጥር ነው፤ የተፋሰስ ሥራው ተጧጡፏል። ዛሬ ተዳፋቱ ላይ ስንውል ደጋግመን ያልነውን እዚህም እንበለው፦ እርከን በዓይን ግምት አይቀየስም! ሁለት እኩል እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሃሉ ላይ የሚንጠለጠል የውሃ ልክ። አረፋዋ መሃል እስክትቆም አንዱን እንጨት ወደ ዳገቱ ወይም ወደ ቁልቁለቱ ማንቀሳቀስ ነው። እርከኑ ስንዝር ካዘነበለ ጎርፉ ዝቅ ባለው በኩል ተጠራቅሞ ይጥሰዋል፤ የላይኛው ሲጣስ የታችኞቹንም ይዟቸው ይወርዳል። ሥራው ከአናት ወደ ታች የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ትሬንቹ (ውሃ አቁሮ የሚያሰርገው ጉድጓድ) 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ወርድና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ካለው 750 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ያ ሁሉ ውሃ ማሳ ጠርጎ ከሚሄድ መሬት ውስጥ ይስረግ! የተቆፈረው አፈር በታች በኩል፣ ከጠርዙ 25 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይደልደል፤ አለዚያ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ጉድጓዱን ይሞላዋል።

ጎርፍ የሸረሸረው ቦረቦር ላይ አግድም የሚሠራው ክትር መሃሉ ዝቅ ይበል፤ ጫፎቹ ወደ ግራና ቀኙ ግድግዳ ይግቡ። መሃሉ ካበጠ ውሃው በጎን ዞሮ ቦረቦሩን ያሰፋዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ልቅ ግጦሽ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ያገኘችው የትግራይዋ መንደር አብርሃ ወአጽብሃ ተራራዋን ከልቅ ግጦሽ ከልላለች። ሣሩ ይታጨድ፣ ለከብቱ ቤቱ ድረስ ይሂድለት፤ ገና ያልጠና እርከን ሰኮና አይችልም።