ፊሽካው በእሷ እጅ ነበር

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችንን የስፖርት ቀን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያዘጋጁት ጠየቅኋቸው። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ልጆች ተመርጠው ኮሚቴ ሆኑ። እኔ ግን ለመጀመሪያው ስብሰባ ፕሮግራሙን ጽፌ ነበር የገባሁት፦ 100 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ ዱላ ቅብብል፣ የሴክሽን እግር ኳስ።

አንብቤ ስጨርስ አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እዚህ ውስጥ እኔ የት ነኝ?»

«ሩጫው ላይ ተመዝገቢያ» አልኳት።

«እሱን በየዓመቱ የሚሮጡት ያው ልጆች ናቸው። እኛ አጨብጭበን ነው የምንሄደው። እሑድ አስፋልቱ ሲዘጋ እኮ ማንም ሳያሰልፈን ሁላችንም እንጫወታለን።»

«መንገድ ለሰው» ማለቷ ነው፤ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሰው የሚንቀሳቀስበት ቀን። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር እኔም ወጥቼ ልጆቹን አይቻለሁ፤ ፊሽካም አሰልጣኝም ሳይኖር ላብ በላብ ሆነው ነበር።

ወረቀቴን አጥፌ ጠመኔውን ሰጠኋት። ሰሌዳው ላይ ሱዚ፣ ፔፕሲ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ጉተታ ተጻፈ። ቀጥላ ሌላዋ ልጅ «ከቤት ቱታ ለብሰን እንምጣ» አለች። በዩኒፎርም ቀሚስ መዝለል ያሳፍራቸዋል፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ «አሞኛል» እያሉ ጥግ የሚቀመጡትም ለዚህ ነው። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ ልጆች በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር ስለዚያ ቀሚስ አንዲትም ልጅ ጠይቄ አላውቅም። ስንቷን ሰነፍ ብዬ ማርክ ቀንሼባት ይሆን?

ሌላውን ሁሉ እነሱ ጨረሱት። ገመዱን ተዋሱ፣ ውሃ የሚያድሉ ልጆችን መደቡ፣ ለፔፕሲው ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ ሠሩ። ሜዳውንም በኖራ ከፋፈሉት። እኔ ፊሽካዬን ለዚያች ልጅ ሰጠኋትና «ዛሬ አስጀማሪዋ አንቺ ነሽ» አልኳት።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ያኔ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ መልእክት መጣ፤ የክብር እንግዳ ስላለ ንግግር ይቅደም ተባለ። እንግዳው እስኪደርስ፣ ከዚያም ንግግሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። 50 ደቂቃ ሄደ። ትንንሾቹ መሬት ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ «ተነሡ» ተባሉ። ስለ እንቅስቃሴ ጥቅም እየተነገራቸው አትንቀሳቀሱ ይባሉ ነበር።

ልጅቷ ፊሽካውን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ እኔ አየች። ልንፋ ወይ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ራሴን ነቀነቅኩ፤ ቆይ አልኳት።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ቢሮው ያደረገው ያናድደኛል፤ ግን ፊሽካውን ሰጥቼ በዓይኔ መልሼ የነጠቅኳት እኔ ነኝ። ሄጄ «ልጆቹ ተዘጋጅተዋል፣ ይጀምሩ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ሲጀመር ሜዳው በአንዴ ሞላ። በቱታ የመጡት ሴቶች ከሱዚው አልወጣ አሉ፤ «አሞኛል» ያለችኝ አንዲትም አልነበረችም። ሰዓት ስላለቀ ገመድ ጉተታው ቀረ። ልጅቷ ፊሽካውን ስትመልስልኝ ምንም አላለችም።

ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት የኮሚቴውን ፕሮግራም አመጣችልኝ። የመጀመሪያው መስመር «3:00 — ገመድ ጉተታ» ይላል፤ ንግግር የሚል የለበትም። ቢሮ ገብቼ ማስፈረም የእኔ ሥራ ነው። ወረቀቱን ይዤ ሁለቴ ሄጃለሁ፤ ነገም እሄዳለሁ።