ቁጥሩ አምሮ ጠቋሚው ሲስት

በአንጎል ቀዶ ሕክምና ናቪጌሽን የሚባለው መሣሪያ የሐኪሙ ጠቋሚ ያለበትን ቦታ በበሽተኛው ኤምአርአይ ምስል ላይ ያሳያል፤ ጭንቅላቱን ከምስሉ ጋር ማዛመዱ ሬጅስትሬሽን ይባላል። ሬጅስትሬሽኑ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ «1.3 ሚሊሜትር» ዓይነት ቁጥር ይወጣል፤ ክፍሉም እፎይ ይላል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው የተነኩት ነጥቦች ከኤምአርአይ ምስሉ ጋር ምን ያህል እንደገጠሙ ብቻ ነው። ዕጢው ያለበት ጥልቀት ላይ ስሕተቱ ስንት እንደሆነ አይነግረንም። ቁጥሩ አምሮ ጠቋሚው ዕጢው ጋ ሲደርስ በብዙ ሚሊሜትር ሊስት ይችላል።

ነገሩ የጂኦሜትሪ ነው። ማርከሮቹ (ምስሉ ከመነሣቱ በፊት ቆዳ ላይ የሚለጠፉት ምልክቶች) ሁሉ ግንባር ላይ ተከማችተው ዕጢው በስተኋላ ከሆነ፣ ፊት ላይ የማትታወቅ የመዞር ስሕተት ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ትሰፋለች፤ 1 ዲግሪ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 1.7 ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች። ስለዚህ ማርከሮቹ ዕጢውን እንዲከቡት፣ አንድ መስመር ላይ ሳይሰለፉ፣ ከፍና ዝቅ ተደርገው ይለጠፉ። ቆዳው የሚንሸራተትበትን ቦታ መሸሽ ነው። በሌዘር ፊትን በመጥረግ የሚሠራው ሬጅስትሬሽንም ያው ድክመት አለበት፤ በሽተኛው በሆዱ ሲተኛ ደግሞ ፊቱ ይሸፈናል፣ የፊቱም ቆዳ ወደ ታች ይሳባል።

ምስሉ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው፣ በመካከላቸው ክፍተት በሌላቸው ቁራጮች ይነሣ። የአፍንጫው ጫፍና ጆሮዎቹ ተቆርጠው ከቀሩ ሬጅስትሬሽኑ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል።

ሬጅስትሬሽኑ የሚሠራው ጭንቅላቱ በባለ ሦስት ሹል መያዣው ከታሰረ በኋላ ነው፤ ሹሎቹ ቆዳውን ይስባሉና። የማጣቀሻው ፍሬም፣ ማለትም የናቪጌሽኑ ካሜራ የሚከታተላቸው አንጸባራቂ ኳሶች ያሉት ዕቃ፣ የሚታሰረው ከመያዣው ጋር ነው፤ ከአልጋው ጋር ፈጽሞ አይታሰርም። ካሜራውን ማንቀሳቀስ ጉዳት የለውም፤ ልኬቱ ሁሉ ከፍሬሙ አንጻር ስለሆነ። ፍሬሙን በክርን መግፋት ግን ሁሉንም ያፈርሰዋል፤ ስክሪኑም ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አንጸባራቂዎቹ ኳሶች ላይ ደም ከነካቸው ካሜራው ያጣቸዋል፣ ወይም ይባስ ብሎ ማዕከላቸውን አዛብቶ ያነባል።

ማረጋገጫው እጅ ላይ ነው። ከመሸፈኛው ጨርቅ በፊት የአፍንጫን ሥር፣ የዓይንን የውጭ ጥግ፣ ከሁለቱ ጆሮ ቀዳዳዎች ፊት ያለችውን እብጠት በጠቋሚው ይንኩ። አጥንቱ ሲገለጥ ደግሞ ከሚነሣው አጥንት ውጭ፣ ዙሪያውን በድሪል 3 ወይም 4 ትንንሽ ጉድጓዶች አበጅቶ ቦታቸውን ማስቀመጥ ይበጃል። በኋላ ጥርጣሬ ሲመጣ እነሱን መንካት፣ ከሳቱም በእነሱ እንደገና ማዛመድ ይቻላል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነውና መዝለሉ ያሳዝናል።

እነዚያ ጉድጓዶች ግን የአጥንቱን እንጂ የአንጎሉን ቦታ አይጠብቁም። ዱራ የሚባለው ሽፋን ሲከፈት የአንጎል ፈሳሽ ይወጣል፣ ማኒቶል የሚባለው ከአንጎል ውኃ የሚስብ መድኃኒት አንጎሉን ያኮማትረዋል፣ የስበት ኃይል ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ዕጢው በወጣ ቁጥር ዙሪያው ይደረመሳል። መንሸራተቱ ከ1 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። አንጎሉ ካበጠ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውጭ ይገፋል። በዚያ ሰዓት አጥንቱ ላይ ያለው ፍተሻ ፍጹም ልክ ሆኖ፣ ምስሉ ግን ያለፈ ታሪክ ሆኗል። በራስ ቅል ወለል ላይ የተጣበቁ ዕጢዎች ብዙም ስለማይንቀሳቀሱ እዚያ ናቪጌሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይታመናል። ለአንጎሉ ላይኛ ገጽ ቅርብ ለሆነ ግሊዮማ (ከአንጎሉ ከራሱ ሕብረ ሕዋስ ለሚነሣ ዕጢ) ግን እምነቱ አጭር ነው።

ስለዚህ ናቪጌሽኑ ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ ቀድሞ መውሰድ ይገባል፦ የአጥንቱን መክፈቻ፣ የዱራውን መስመር፣ ከዚያም ዕጢው መውጣት ሳይጀምር ድንበሮቹን። ቀጫጭን ካቴተሮችን (ለስላሳ ቱቦዎችን) በድንበሩ ዙሪያ እንደ አጥር ችካል መትከል የቆየ ዘዴ ነው፤ አንጎሉ ሲንቀሳቀስ ችካሎቹም አብረውት ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ አልትራሳውንድ ይምጣ፤ የመጀመሪያው ምስል ዱራው ሳይከፈት ከተነሣ የኋለኛው የሚነጻጸርበት ያገኛል። ዕጢው የወጣበት ጉድጓድ በጨው ውኃ ሲሞላ ግርጌው ላይ ደማቅ ነጭ መስመር ይታያል፤ ይህ ከፈሳሹ የሚመጣ የድምፅ ሞገድ ውጤት ስለሆነ ቀሪ ዕጢ ነው ብሎ መቁረጥ አደገኛ ነው። መመርመሪያውን አዘንብሎ በሌላ አቅጣጫ እንደገና ማየት ያስፈልጋል።