መብራቱ ይበራል፣ ቀረጻው የለም፦ የአንድ ዳሽ ካሜራ ገጠመኝ ከአዳማ

መነሻውን አዳማ አድርጎ ወደ አርሲ ገጠር የሚመላለስ የአንድ ፕሮጀክት ላንድክሩዘር ፒክ አፕ፣ ከመስክ ተመልሶ ከተማ ውስጥ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። ሰው አልተጎዳም። የፒክ አፑ የግራ ፓራፋንጎና ፍሬቻ ተሰበረ፣ የባጃጁም የፊት ጎማ ተጣመመ። ባለ ባጃጁ «ፍሬቻ ሳያሳይ ድንገት ታጠፈብኝ» አለ፤ ሹፌሩ «ከሩቅ ጀምሬ አሳይቻለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። የስምሪት ክፍል ኃላፊው ግን ብዙም አልተጨነቀ። ዳሽ ካሜራ፣ ማለትም ከፊት መስታወቱ ጋር ተለጥፎ መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ፣ ካስገጠሙ ወራት አልፏል፣ ቀይዋ መብራትም እንደወትሮዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ካርዱ ወጥቶ ላፕቶፕ ውስጥ ሲገባ የዚያን ቀን ቀረጻ የለም። መጀመሪያ የተፈለገው የተሳሳተ ሰዓት ላይ ነበር፤ የሹፌሩ ሪፖርት 8፡20 ይላል፣ ካሜራው ግን በ24 ሰዓት ስለሚቆጥር መታየት የነበረበት 14፡20 ነው። እዚያም ሲኬድ ባዶ። የመጨረሻው ፋይል የተቀረጸው ከቀናት በፊት፣ መኪናው ከአሰላው አስፋልት ተገንጥሎ ፒስታ ላይ እንደወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

ነገሩን ያየው የመኪና ኤሌትሪሺያን ብዙ አልፈጀበትም። «ጋሼ፣ ካሜራው ደህና ነው። ካርዱ ሞልቶ ነው፤ ያውም በተቆለፈ ፋይል» አላቸው ለኃላፊው። መብራቷም ቢሆን ለካ የምትናገረው ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ሞዴል ካሜራው ሲቀርጽ መብራቷ ሳትቆራረጥ ትበራለች፤ ብልጭ ድርግም ካለች ችግር አለ ማለት ነው። በሌሎች ብዙ ሞዴሎች ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ የመብራቷን ትርጉም ከማንዋሉ አይቶ ለሹፌሩ መንገር የገጠማው ሥራ አካል ነው።

ካርዱ እንዴት በተቆለፈ ፋይል ሞላ? ዳሽ ካሜራ ቀረጻውን የ1፣ የ3 ወይም የ5 ደቂቃ ቁራጭ እያደረገ ያስቀምጣል፤ ካርዱ ሲሞላም የቆየውን ቁራጭ አጥፍቶ አዲሱን በቦታው ይጽፋል። ከዚህ ዙር የሚተርፈው የተቆለፈ ፋይል ብቻ ነው። ፋይል የሚቆለፈው ሹፌሩ ቁልፉን ሲጫን፣ ወይም ውስጥ ያለው ጂ-ሴንሰር ግጭት የሚመስል ንቅናቄ ሲያገኝ ነው። ሴንሰሩ ግጭትን ከጉድጓድ አይለይም። አስፋልት ላይ ለሚውል ኮሮላ ከፋብሪካ የመጣው «መካከለኛ» ልክ አይከፋም። የፒክ አፕ የኋላ ባሌስትራ ግን ለጭነት የተሠራ ስለሆነ፣ ካሶኒው ባዶ ሆኖ ኮረኮንች ላይ ሲነዳ ጋቢናው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይዘል አይቆይም። አንድ ዝላይ አንድ ቁራጭ ይቆልፋል። ፒስታ ላይ ደጋግሞ የዋለ መኪና ካርዱን በማይጠፋ የአቧራና የጠጠር ቪዲዮ ሞልቶ ይመጣል።

ካሜራዎች እዚህ ላይ ይለያያሉ፣ ሻጭ ግን ይህን አይነግርም። አንዳንዱ ለተቆለፉ ፋይሎች የካርዱን የተወሰነ ድርሻ ብቻ ይመድባል፤ ድርሻው ሲሞላ የቆየውን የተቆለፈ ፋይል ያጠፋል። ሌላው እስከ ጫፍ ይቆልፍና «ካርድ ሞልቷል» ብሎ ያቆማል። የዚህ መኪና ካሜራ ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ማስጠንቀቂያ ድምፅ ነበረው፤ ግን በየዝላዩ ሲጮህ ስላስቸገረ ተዘግቷል። ማንም ሹፌር ያደርገዋል፣ አይፈረድበትም።

ከመግዛት በፊት፣ ካልሆነም ከመግጠም በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ መሞከር ይቻላል። ካሜራው የሚቀበለውን ትንሹን ካርድ፣ ለምሳሌ 16 ጊጋባይት፣ አስገብቶ በዩኤስቢ ቻርጀር ማብራት፤ ቁራጩን 1 ደቂቃ አድርጎ በየደቂቃው የመቆለፊያውን ቁልፍ መጫን። በ1080ፒ የምስል ጥራት አንድ ደቂቃ 100 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ ካርዱ ከሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ በኋላ ይሞላል። ያኔ መቅረጹን ከቀጠለ ለገጠር መኪና ይሆናል፤ ካቆመ ጂ-ሴንሰሩ መዘጋት አለበት። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ሌላ ነገር እየሠሩ በጎን ግን ይሄዳል።

ለዚህ ፒክ አፕ የተወሰነው ጂ-ሴንሰሩን ጨርሶ መዝጋት ነው። ዝቅተኛው ልክ ላይ ማድረግም ይቻል ነበር፤ ባዶ ካሶኒ ግን ዝቅተኛውንም ይቀሰቅሳል። «ታዲያ ግጭት ቢደርስ ፋይሉ አይጠፋም ወይ?» የሚለው ጥያቄ በስሌት ይመለሳል። 128 ጊጋባይት ካርድ በደቂቃ 100 ሜጋባይት ሲሰላ 20 ሰዓት ያህል ይይዛል። በቀን ስድስት ሰዓት ለሚነዳ መኪና ይህ የሦስት ቀን ቀረጻ ነው፤ የኋላ ካሜራ ካለ ደግሞ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሹፌሩ ግጭት ሲያጋጥመው ቁልፉን በእጁ ይጫናል፤ ቢረሳም ካርዱን አውጥቶ ለማስቀመጥ ጊዜ አለው። መኪናው ቆሞ ሳለ የሚጠብቀው የጂ-ሴንሰር ምርጫ በሜኑው ውስጥ ለብቻው የሚገኝ ስለሆነ እሱ መዘጋት የለበትም።

በነገራችን ላይ፣ ቀረጻው ቢኖርም የፊት ካሜራ የራስን መኪና ፍሬቻ አያሳይም። ክርክሩን የሚፈታው ድምፁ ነው፦ ማይክሮፎኑ ክፍት ከሆነ የፍሬቻው ቀጭ ቀጭታ ጋቢና ውስጥ ጥርት ብሎ ይቀረጻል፤ ከመታጠፉ ስንት ሰከንድ ቀድሞ እንደጀመረም ይቆጠራል። ብዙ መሥሪያ ቤት የተሳፋሪ ወሬ እንዳይቀረጽ ብሎ ማይክሮፎኑን ያዘጋል። ሁለቱን መዝኖ አስቀድሞ መወሰንና በመኪናው ለሚሳፈሩት መንገር ነው።

ስለ ምርጫ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ኬ ነው?» ብሎ ነው። ለባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ይህ ከኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ጥሩ የምስል ሴንሰር ያለው 1080ፒ ወይም 1440ፒ ይበቃል፤ 4ኬ ፋይሉን በእጅጉ ያሳብጣል፣ ካሜራውንም ያግላል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ውስጡ ያለው ሊቲየም ባትሪ ነው ወይስ ካፓሲተር የሚለው ነው። አዳማ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ፣ ወይም ወደ መተሐራና አዋሽ የሚወርድ መኪና የፊት መስታወቱ አካባቢ የሚደርስበትን ሙቀት ሊቲየም ባትሪ አይወደውም፤ ያብጥና የካሜራውን ቅርፊት ይከፍተዋል። ካፓሲተር ሙቀቱን የተሻለ ይችላል። የሚይዘው ኃይል ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የመጨረሻውን ፋይል ለመዝጋት የምትበቃ የጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ይህም ይበቃል።

ካርዱ «ሃይ ኢንዱራንስ» የሚል፣ ዩ3 ወይም ቪ30 የሚል የመጻፊያ ፍጥነት ምልክት ያለበት ይሁን። ተራ የስልክ ካርድ ቀኑን ሙሉ ሲጻፍበት ቶሎ ያልቃል። አስመሳይ ካርድም ሞልቷል፤ ላዩ 128 ይላል፣ ውስጡ 16 ይሆናል። ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ ማንበብ እውነቱን ያወጣዋል።

ወደ አሰቃቀሉ እንምጣ። በመምጠጫ ጎማ የሚለጠፍ ማቀፊያ ኮረኮንች ላይ ይወድቃል፤ ረጅም ክንድ ያለውም ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። አጭርና በባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ የሚለጠፍ ይመረጣል። መስታወቱ ከውስጥ በአልኮል ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ ማቀፊያው ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ተጭኖ ይያዛል። 3ኤም ለቪኤችቢ ማጣበቂያው በሚሰጠው መረጃ መሠረት፣ በክፍል ሙቀት ከ20 ደቂቃ በኋላ ግማሽ ያህል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ 90 በመቶ ጥንካሬውን ያገኛል፤ ለመለጠፍ ጥሩው ሙቀት ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው መስታወት ከዚህ ያልፋል። ጠዋት ለጥፎ፣ ካሜራውን በማግስቱ መስቀል ነው። ቦታው ከመሃል ስፖኪዮ ጀርባ፣ የዝናብ መጥረጊያው በሚደርስበት ክልል ውስጥ ይሁን፤ ከዚያ ውጪ ያለው መስታወት ሁልጊዜ በአቧራ የተሸፈነ ነው። ባለ 70ው ላንድክሩዘር መስታወቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ለተጋደመ መስታወት የተሠራ ካሜራ ሌንሱ በበቂ ሁኔታ ወደ ታች ላይዞር ይችላል። ማጣበቂያው ሳይላጥ በፊት በእጅ ይዞ በስክሪኑ ማየት፤ አድማሱ መሃል ላይ፣ የኮፈኑ ጫፍ ከታች ትንሽ ብቻ ይታይ።

ኤሌክትሪኩ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። በዚህ ፒክ አፕ ላይ ካሜራው የተሰካው ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ነበር። ኮረኮንች ላይ ሶኬቱ እየላላ ካሜራው ይጠፋል፣ ይበራል፤ በበራ ቁጥር እስኪነሳ ድረስ ብዙ ሰከንድ ያልፋል። ስለዚህ ካርዱ ባይሞላም ቀረጻው ክፍተት አይጣውም ነበር። መፍትሔው ከፍዩዝ ቦክስ በቀጥታ መሳብ ነው።

በመጀመሪያ ቮልቱ በቴስተር ይለካል። ባትሪ ቆጥሮ መገመት አይሠራም፤ ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ከተያያዘ 12 ቮልት ነው፣ በተከታታይ ከሆነ 24። ካሜራውን ከፍዩዝ ቦክሱ ጋር የሚያገናኘው አብዛኛው ባለ ሽቦ ኪት ከ12 እስከ 24 ተቀብሎ 5 ቮልት ይሰጣል፤ ማሸጊያው ላይ ያለው መረጋገጥ አለበት። ኪቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፦ ጥቁሩ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው)፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ለሚያገኝ መስመር፣ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ላለው መስመር። ለቀዩ የሲጋራ ማቀጣጠያው ወይም የሬዲዮው ፍዩዝ ይስማማል። የኤርባግ፣ የኤቢኤስና የሞተር ኮምፒውተር ፍዩዞች አይነኩም።

በፍዩዝ ታፕ፣ ማለትም በነባሩ ፍዩዝ ቦታ ገብቶ ሁለተኛ ፍዩዝ ያለው አዲስ መስመር በሚያወጣ ማያያዣ፣ ሲያያዝ አቅጣጫ አለው። ፍዩዙ ከወጣ በኋላ ቁልፉን አብርቶ ሁለቱን ቀዳዳ በቴስተር መንካት፤ አንደኛው ብቻ 12 ቮልት ያሳያል። የታፑ ከሁለቱም ፍዩዞች ጋር የተያያዘው እግር እዚያ ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ተገልብጦ ከገባ ካሜራው ይሠራል፣ ስህተቱም አይታይም፤ ግን የካሜራው ኤሌክትሪክ በዋናው ፍዩዝ በኩል ስለሚያልፍ ሁለቱ መስመሮች አይለያዩም። ለካሜራው ከ2 እስከ 3 አምፔር ፍዩዝ ይበቃል። የፍዩዙ መጠን፣ ሚኒም ሆነ ሌላ፣ ከመኪናው ጋር ካልገጠመ ታፑን በፒንሳ እያጠበቡ ማስገባት እውቂያውን ያላላዋል፤ ትክክለኛውን መፈለግ ይሻላል።

ማሳው ቀለም በሌለው ብረት ላይ ያለ ቦሎን ይፈልጋል። ፕላስቲክ የሚይዝ ቦሎን ላይ የታሰረ ማሳ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። የኪቱ ሳጥን በፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠበቅ፤ ተንጠልጥሎ ከተተወ ሲመታ ውሎ ሽቦውን ይቆርጣል። ተራ ናስትሮ በሙቀት ይላላል፣ ሙጫውም ይቀልጣል፤ ለሽቦ የሚሆነው የጨርቅ ቴፕ ነው። የጎን ምሰሶው ውስጥ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ሽቦው ከኤርባጉ ኋላ ይለፍ።

ቢጫውን ሽቦ በተመለከተ ለመስክ መኪና ሁልጊዜ ኃይል ካለው መስመር ጋር ባይታሰር እንመርጣለን። ካሜራው ቆሞ ሲጠብቅ 0.3 አምፔር ቢወስድ፣ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ነው፤ 18 አምፔር-ሰዓት። ይህ ከባለ 70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሩብ ያህሉ ነው፣ ባትሪው አዲስ ከሆነ። ኪቱ ቮልት ሲወርድ ራሱ ይቋረጣል፤ ነገር ግን 11.8 ላይ ከተዘጋጀ የናፍጣ ሞተርን ሞተሪኖ የሚያዞር አቅም ላይቀር ይችላል። መኪናው ዘበኛ ያለበት ግቢ የሚያድር ከሆነ በብዙ ኪቶች ቢጫውና ቀዩ አንድ ላይ ቁልፍ ባለው መስመር ላይ ይታሰራሉ፤ ለውጪ አዳሪ መኪና ግን መቋረጫውን 12.4 ቮልት ላይ ማድረግ።

ኤችኤፍ ወይም ቪኤችኤፍ የመገናኛ ሬዲዮ ያለው መኪና ላይ ርካሽ ኪት ጩኸት ያስገባል። ሬዲዮውን ከፍቶ ካሜራውን ነቅሎ መሰካት ነው፤ ጩኸቱ አብሮ ከመጣና ከሄደ፣ ሳጥኑ ከአንቴናው ገመድ ይራቅ፣ ሽቦው ላይ ጩኸት የሚያፍን የፌራይት ቀለበት ይጨመር።

የባጃጁ ጉዳይ በትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ተቋጨ። ካሜራው አልተቀየረም። የስምሪት ክፍሉ አሁን ሰኞ ጠዋት መኪናው ከመውጣቱ በፊት ካርዱን አውጥቶ የመጨረሻውን ፋይል ሰዓት ያያል፣ የካሜራው የሰዓት ክልል የኢትዮጵያው ዩቲሲ+3 መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚያ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያደርጋል። በአደጋ ሪፖርቱ ቅጽ ላይም ለሰዓት ሁለት ሣጥን ተጨምሯል፤ አንዱ የሹፌሩ፣ አንዱ የካሜራው።