የፌስታሉ መድኃኒት

የሐኪሞች ማኅበር አባል ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ደመወዝ ነው። ቀጥሎ ስለ ሆቴል ስብሰባ። ሁለቱም አለ፣ ሁለቱም ያስፈልጋል። ሐኪም ተቸግሮ ሲሠራ ዝም የሚል ማኅበር፣ ማኅበር አይባልም። ጉባኤውም ቢሆን ሐኪሙ የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ የሚያስፈልገውን ሥልጠና የሚያገኝበት ነው። ዛሬ የማወራው ግን ከግቢ ወጥተን ሰፈር ውስጥ ስለምንሠራው ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም የሚያስመርቅ ፋኩልቲ አልነበረም፤ እሱ የተከፈተው በ1964 ነው። የማኅበሩ የሕክምና መጽሔት እንኳ ከፋኩልቲው ቀድሞ በ1962 መታተም ጀምሯል። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጥቂት ሐኪሞች በየሆስፒታላቸው ተበትነው መቅረት ሲችሉ፣ ተሰባስበው ያዩትን መጻፍ መረጡ።

እኔ ያለሁበት ስብስብ በጣም አነስ ያለ ነው። መሃል ከተማ የምንሠራ ሐኪሞችና ነርሶች ነን። አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ወዳሉ እድሮች እየሄድን በስብሰባቸው ቀን ግፊትና ስኳር እንለካለን። እድርን የመረጥነው በምክንያት ነው። ጤና ጣቢያ የማይረግጥ ወንድ እድር አይቀርም፤ ከቀረ ይቀጣል። ባነር ሰቅለን ሕዝብ ከምንጠራ፣ ሕዝቡ በራሱ ቀጠሮ ወደ ተሰበሰበበት መሄድ ይሻላል።

የዚያን እሑድ አራት ኪሎ ነበርን። ጥግ ላይ ቡና እየተፈላ ነው። ቡና የጠጣ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ጀርባውን አስደግፎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እግር አይነባበርም፣ በልኬት ሰዓት ወሬ የለም። እድር ላይ ሰውን ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም። ግን ይሄ ካልተጠበቀ የሚወጣው ቁጥር ሰውየውን አይገልጸውም።

ሥራው ጋብ ሲል አንዲት በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ተቀመጡ። ልኬቱ 214/118 አለ፤ እጅግ ከፍ ያለ ግፊት ነው። ወጣቷ ሐኪም መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብላ ሰፋ ያለ ማሰሪያ ቀየረች። አሳርፋ በሌላኛው ክንድ ለካች። ያው ነው።

ወዲያው ሰዉ ተንጫጫ። አንዷ «ነጭ ሽንኩርት ስጧት» አለች። ሌላው «አምቡላንስ ጥሩ እንጂ!» ይላል። ወጣቷ ሐኪምም ግፊቱን ቶሎ የሚያወርድ ነገር እንስጣቸው ወይ ብላ ወደ እኛ አየች። አብረውን የነበሩት አንጋፋ የውስጥ ደዌ ሐኪም ወንበራቸውን አስጠግተው ቁጭ አሉ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እናናግራቸው» አሏት።

«ደረትዎን ያምዎታል?» «አያመኝም።» «ትንፋሽ ያጥርዎታል? ዓይንዎን ይጋርድዎታል? እጅዎ ወይ እግርዎ ይሰንፋል? ንግግር ይይዝዎታል?» «ኧረ ምንም የለብኝም ልጄ። ራሴን እንኳ አላመመኝም።»

ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነበር። ምንም ምልክት ከሌለ ግን ግፊትን በጥድፊያ ማውረድ ራሱ አደጋ አለው። ሰውነት ከፍ ያለውን ግፊት ለምዶታል፤ በአንዴ ሲወርድ አንጎል የሚደርሰው ደም ሊያንስ ይችላል። እንዲህ ያለ ግፊት በሚዋጥ ኪኒን፣ በቀናትና በሳምንታት፣ በቅርብ ክትትል ነው የሚወርደው።

«ከዚህ በፊት ግፊት አለብዎት ተብለው ያውቃሉ?» ሲሏቸው፣ ከቦርሳቸው አንድ ፌስታል አወጡ።

ያንን ፌስታል አልረሳውም። ሙሉ የአምሎዲፒን፣ የግፊት መድኃኒት፣ እሽግ ነው። አንዱ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ጎድሏል፤ የቀረው አልተነካም። በየወሩ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ይቀበሉታል። «መድን ከፍዬበት እንዴት ሳልወስደው ልቅር?» አሉ። ካርዳቸው ላይ ቢታይ ቀጠሮ የማያጓድሉ፣ መድኃኒት የሚወስዱ ጎበዝ ታካሚ ናቸው። የወሰዱት መድኃኒት ቤታቸው ተቀምጧል።

«ታዲያ ለምን አይውጡትም?»

ካልሲያቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስውጠው እግሬን አሳበጠኝ። እዚህ ጎረቤቴ የኩላሊት እጥበት የጀመረችው በእግሯ እብጠት ነበር። ኩላሊቴን ነካው ብዬ ተውኩት። እንደሱ ብል ደግሞ ይቆጡኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

የተናገሩት ሁሉ ውሉን የያዘ ነው። የጎረቤታቸውን አይተዋል፣ የራሳቸውን አይተዋል፣ አገናኝተዋል። የጎደላቸው አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት እንደሚያሳብጥ የሚነግራቸው ሰው ብቻ ነው። መድኃኒቱ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎችን ያሰፋል፤ ከዚያ ፈሳሽ እየሠረገ እግር ላይ ይጠራቀማል። ኩላሊትን ነክቶ አይደለም። ኩላሊትን የሚጎዳው ሳይታከም የቆየው ግፊት ነው። እኚህ እናት ኩላሊታቸውን ለማዳን ሲሉ ኩላሊታቸውን የሚጠብቀውን መድኃኒት አቆሙ።

አንጋፋው ሐኪም ይሄን ቀስ አድርገው አስረዷቸው። እናትየውም አንዷን ኪኒን እዚያው ዋጡ። ለጤና ጣቢያው ነርስ ተደወለላት፣ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ሰኞ ጠዋት ቀረቡ። ኩላሊታቸው ተመረመረ፤ ደህና ነው። መድኃኒታቸው ተቀየረ።

የዚያን ቀን ግን ጉዳዩ እሳቸው ጋ አልቆመም። የእድሩ ጸሐፊ ነገሩን ሲከታተል ቆይቶ ተነሣና «መድኃኒት ይዞ የማይውጥ እጁን ያውጣ» አለ። ማንም የለም። ዝም። ቀጥሎ «እኔ ራሴ ጾም ሲገባ አቆማለሁ» አለ። ያኔ እጆች መነሣት ጀመሩ።

እኛ እዚያ ቁጭ ብለን የሰማነውን ክሊኒክ ውስጥ ሰምተነው አናውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት የጠዋቱን ኪኒን ይዘሉታል። ራሱን ሲያመው ብቻ የሚውጥ አለ። ጠበል የገባ ሰሞን የተዉ አሉ። አንድ አባት ደግሞ የሚያሸና ኪኒን ታዞላቸዋል፤ ጠዋት ሳሪስ ድረስ በታክሲ ነው የሚሄዱት። «መንገድ ላይ ሽንት ቢይዘኝ የት እወርዳለሁ?» አሉ። ትክክል ናቸው። መፍትሔው ሥራ ቦታ ከደረሱ በኋላ መዋጥ ነበር። የጿሚዎቹም ቢሆን ብዙዎቹ በቀን አንዴ የሚዋጡ ስለሆኑ ከሐኪም ተማክሮ ወደ ማታ ማዞር ይቻላል። አብዛኛው ችግር የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው የጎደለው።

ከዚያ በኋላ ስብሰባችን ላይ ተከራከርን። አንድ ባልደረባችን ብዙ ሰው በለካን ቁጥር ሥራችን ይታያል፣ መስቀል አደባባይ ወጥተን በብዛት እንለካ ይላል። ሐሳቡን አልንቀውም፤ ግፊት እንዳለበት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ግን ለክተን ቁጥር ጽፈን ወረቀት አስይዘን የሸኘነው ሰው ነገ የት እንደሚሄድ ካላወቅን፣ ጭንቀት አስይዘነው ሄድን ማለት ነው። እኔ በዚህ አልደራደርም አልኩ። ብዙዎቹ ተስማሙ።

አሁን ቅጻችን ላይ ከልኬቱ በላይ «መድኃኒት ታዞልዎ ነበር? ካቆሙ ለምን?» የሚል አለ። መልሱን የምንጽፈው በራሳቸው ቃል ነው። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ጠረጴዛው ላይ አብራን ትቀመጣለች፤ ቀጠሮውን እዚያው ትሰጣለች። የሚለካው ሰው ቁጥር ቀነሰ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰዉም ያጉረመርማል። ይሁን።

አንድ ያልፈታነው ነገር አለ። አንዳንድ ወር መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ ያልቃል። ከግል ፋርማሲ መግዛት ያልቻለ ይተወዋል። ቅጹ ላይ «አለቀ ተባልኩ» የሚል መልስ ደጋግሞ እየመጣ ነው። እነዚህን መልሶች ሰብስበን በማኅበራችንና በእድሮቹ ማኅተም ለሚመለከተው ቢሮ ለማስገባት እየተዘጋጀን ነው። ደብዳቤውን የሚያረቅቀው ያው የእድሩ ጸሐፊ ነው። ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ነገር ማስፈጸም ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቅበታል።