አባባና የቫልስ ግንብ

አባባ አዲስ አበባ ውስጥ አርባ ዓመት ግንብ ሲገነቡ ኖረዋል። ስዊዘርላንድ ሊጠይቁኝ ሲመጡ የት ልውሰዳቸው ብዬ ብዙ አላሰብኩም፤ ላሳያቸው የምጓጓለት አንድ ግንብ ነበረ፦ የቫልስ ፍል ውሃ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ከዙሪክ ተነስተን ኩር ስንደርስ ወደ ቀዩ ባቡር ተዛወርን። የራይን ወንዝ የቆረጠውን ነጭ ገደል ተከትለን ኢላንዝ ደረስን፤ ከዚያ በቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ተሳፍረን ጠመዝማዛውን ዳገት ወጣን። ቫልስ አንድ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ የተራራ መንደር ናት። አባባ ከአውቶቡስ እንደወረዱ ቀና ብለው ጣሪያዎቹን ያዩ ጀመር። ቤቶቹ የተከደኑት በቆርቆሮ ሳይሆን በግራጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። «ይኼን የተሸከመው እንጨት ምን ዓይነት ይሆን?» አሉኝ።

አርክቴክቱ ፒተር ዙምቶር ፍል ውሃውን የሠራው በዚሁ በሸለቆው ኳርትዛይት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ ነው። 60,000 የድንጋይ ገበታዎች ተነባብረው በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተከፈተ። ሕንፃው ግማሹ ተዳፋቱ ውስጥ ተቀብሯል፤ ጣሪያውም ሣር ነው፤ ስለዚህ ከላይ ለሚያየው መስክ ይመስላል። ከሆቴሉ በምድር ውስጥ መተላለፊያ ይገባል። መተላለፊያው ላይ ከናስ ቧንቧዎች የምንጩ ውሃ ይወርዳል፤ ብረት ስላለበትም ግድግዳውን የዝገት ቀለም አልብሶታል። አባባ በእፍኛቸው ቀመሱት።

ልብስ ከቀየርን በኋላ ሌላው ሰው ወደ ውሃው ሲያመራ እሳቸው ወደ ግድግዳው ሄዱ። መዳፋቸውን አስደግፈው ከታች ወደ ላይ ዳበሱት። «ተርታው እኩል አይደለም፤ ግን ደግሞ ይገጥማል። እንዴት ነው?» አሉ። ድንጋዮቹ ሦስት ዓይነት ውፍረት እንዳላቸው፣ ሦስቱ ከነማያያዣቸው ሲደመሩ ሁልጊዜ 15 ሴንቲሜትር እንደሚሞሉ፣ ደረጃውም በሩም በዚያው ልክ እንደተሠራ ነገርኳቸው። ልባጥ መስሏቸው ነበር። ድንጋዩ መጀመሪያ እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ ከጀርባው ኮንክሪት ተሞልቶ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሸክሙን እንደያዙ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆየት ብለው «ቱንቢው ቅንጣት አልተዛነፈም። የሠራው ሰው አልቸኮለም» አሉ።

ጣሪያው አንድ ወጥ አይደለም። ቁርጥራጮቹ ሳይነካኩ፣ በመካከላቸው ስምንት ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ በመስታወት ተዘግቷል። ፀሐይዋ በዚያ ስንጥቅ ገብታ ድንጋዩ ላይ ቀጭን መስመር ትስላለች። ዕብነ በረድም ወርቅ ቅብም እዚህ የለም፤ ለእኔ ቅንጦት ማለት ይኼ ብርሃን ነው።

ዋናው ገንዳ 32 ዲግሪ ነው። ቀይ ግድግዳ ያለው የእሳት መታጠቢያ 42፣ ቀዝቃዛው 14። አባባ አዲስ አበባ ፍልውሃ አጠገብ ያደጉ ሰው ናቸው፤ በስመ አብ ብለው 42ቱ ውስጥ ገቡና «ይቺማ የልጅ መታጠቢያ ናት» አሉ። ውጭ ባለው ገንዳ ፊት ለፊታችን በረዶ የለበሰ ተራራ እያየን ቆየን። የማልረሳው ግን በጠባብ መተላለፊያ በውሃ ውስጥ እየተራመዱ የሚደርሱበትን ከፍ ያለ ክፍል ነው። ድምፅ እዚያ ይሰፋል። አባባ ማንም እንዳልነበረ አይተው በአፋቸው ሳይሆን በደረታቸው ዜማ ጀመሩ። ግድግዳው አብሯቸው የሚያዜም መሰለ። አንዲት ሴት መግቢያው ላይ ደርሳ ቆመች፤ እስኪጨርሱም አልተንቀሳቀሰችም።

ሆቴሉ በ1960ዎቹ የተሠራ ነው። ኩባንያው ሲከስር በ1983 የገዛው የመንደሩ ሕዝብ ራሱ ነበር፤ ዙምቶርንም የጠራው እሱ ነው። ፍል ውሃው በተከፈተ በሁለት ዓመቱ ቅርስ ተብሎ ተጠበቀ። በ2012 ግን ነዋሪው ስብሰባ ተቀምጦ ለአንድ ባለሀብት ሸጠው። ይኼ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በ2015 ደግሞ ከጎኑ 381 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ ሊተከል ታቅዶ ነበር፤ እስካሁን አለመሠራቱ ደግ ነው። ያደርንበት ክፍል ጃፓናዊው ኬንጎ ኩማ በእንጨት የሠራው ነው፤ ያምራል፤ አባባ ግን ቶሎ ተኙ።

ጠዋት መቀበያው ላይ አስተርጉም አሉኝ። «አርክቴክቱን ነገርከኝ። ድንጋዩን የደረደሩት እነማን ናቸው?» ልጅቷ አላወቀችም፤ ድንጋዩ ወደሚወጣበት ቦታ የሚወስደውን መንገድ ግን በጣቷ አሳየችን። አውቶቡሱን አሳለፍነው። ግቢው ውስጥ ገበታዎቹ በየውፍረታቸው ተከምረዋል። አባባ ጎንበስ ብለው አንዱን በጣታቸው አንኳኩና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ጤነኛ ነው» አሉ፤ ቀጥሎ ያለውንም አንኳኩ።